«ጠክ» ከየት መጣ? የኮሪያ የሩዝ ምግብ ስምና በስሙ ዙሪያ የሚነገሩት ታሪኮች

የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ ላይ ባደረገው እድሳት ሰባት የኮሪያ ቃላትን ወደ ገጾቹ አስገብቷል። ከሰባቱ አንዱ «ጠክቦኪ» ነው፤ ጣት ጣት የሚያክሉ የሩዝ ሙልሙሎች በኮሪያ ድልህ ውስጥ እየተንተከተኩ የሚበስሉበት፣ የኮሪያ ድራማ የሚከታተል ሁሉ ከጎዳና ዳር ሲበላ ያየው ቀይ ምግብ ነው። ቃሉን ለሁለት ቢከፍሉት ሁለተኛው ክፍል አያስቸግርም፤ «ቦክ» ማመስ ወይም መጥበስ ሲሆን «ኢ» ደግሞ ግሱን ስም የምታደርግ ቅጥያ ናት። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ክፍል፣ «ጠክ» የሚለው ነው። ስለ አመጣጡ በምግብ መጻሕፍትና በኢንተርኔት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀዳ የሚዞር አንድ ማብራሪያ አለ፤ ማብራሪያው ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም የድሮዎቹን ጽሑፎች ለገለጠ ሰው ግን አይቆምም። ይህ ጽሑፍ የማይቆምበትን ምክንያት ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ምላስ ከጥርስ ሥር ገጥማ የምታወጣቸውን ሦስት ድምፆች ለይቶ ይሰማል። እኛ ደ፣ ተ እና ጠ የምንላቸው ሲሆኑ፣ ኮሪያውያን የላላ፣ ትንፋሽ የበዛበትና የጠበቀ ብለው ይለዩአቸዋል። የጠበቀው ድምፅ እንደ እኛ ጠ አይፈነዳም፤ በጉሮሮ ጥብቀቱ ግን ከሁሉ ይልቅ ወደ እሱ ይቀርባል። ተከትሎት የሚመጣው አናባቢም ከእኛ የግዕዝ ድምፅ ብዙ አይርቅም። «ጠክ» ብለን የምንጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ጠክ ምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ «የሩዝ ኬክ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ትርጉሙ ግን ያሳስታል። ጠክ ምድጃ ውስጥ አይጋገርም፣ እንቁላልና ቅቤ አይገባበትም፣ ብዙው ዓይነት ደግሞ ከነጭራሹ አይጣፍጥም። ዱቄቱ ወይም የራሰው ሩዝ በእንፋሎት ይበስላል፤ ከዚያ እንዳለ ይበላል፣ አለዚያም ትኩሱን በሙቀጫ ተወቅጦ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ሊጥ ከሆነ በኋላ ይቆረጣል ወይም ይድበለበላል። በጥሬው ለውሰው በውኃ የሚቀቅሉትና በዘይት የሚጠብሱትም አለ። በአበሳሰሉ ከእኛ አገር ምግቦች የሚቀርበው ሕብስት ነው፤ ለተወቀጠው ዓይነት ልጥጥነት ግን ከማዕዳችን አቻ አላገኘሁለትም።

ዋናው ዕቃ «ሲሩ» ይባላል። ወለሉ የተበሳሳ ሰፊ ሸክላ ነው። ውኃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመጋጠሚያው እንዳያመልጥም ዙሪያው በሊጥ ይመረጋል፤ አረቄ የምታወጣ ሴት የማሰሮዋን አፍ እንደምታሽገው ማለት ነው። ዱቄቱ ከላይ እየተነሰነሰ ይነጠፋል፤ በየመሐሉም ቀይ ባቄላ ይደረብበታል። በዛሬዋ ሰሜን ኮሪያ በሚገኘውና በ357 ዓ.ም. በተሠራው የአናክ ቁጥር 3 መቃብር ግድግዳ ላይ ከምድጃ አጠገብ ቆማ ሲሩዋን የምትጠብቅ ሴት ተሥላለች። ስለዚህ ነገሩ ራሱ፣ በእንፋሎት ማብሰሉ፣ ቢያንስ ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው በዓይን የሚታይ ማስረጃ አለ።

ቃሉ ለኮሪያውያን የሚይዘውን ቦታ ለአማርኛ አንባቢ የሚያስረዳ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የተሻለ ምሳሌ የለም። የአማርኛው ማቴዎስ ወንጌል «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም» ይላል፤ በኮሪያ አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ጊዜ ሲነበብ የኖረው ትርጉም ደግሞ በእንጀራ ፋንታ «በጠክ ብቻ» ይላል። እኛ «አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ» የምንለውን እነሱ «አምስት ጠክና ሁለት ዓሣ» ይሉታል። ሁለቱም ተርጓሚዎች ለስንዴ ዳቦ የሕዝባቸውን የእጅ ሥራ ስም ሰጡት። በጊዜ ብዛት «ጳንግ» የሚለው ቃል፣ ከፖርቱጋልኛ ተነሥቶ በጃፓንኛ በኩል የገባው የዳቦ ስም፣ በአዳዲሶቹ ትርጉሞች የጠክን ቦታ መውሰድ ጀምሯል። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ጠክ የሚነቀነቅ አይደለም። ለዓይን ቀርቦ ለእጅ የራቀን ነገር «የሥዕል ጠክ» ይሉታል፤ እኛ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

«ቃሉ የመጣው በእንፋሎት ከማብሰል ነው» የሚባለውስ?

ሰፊ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንዲህ ይላል። በኮሪያኛ በእንፋሎት ማብሰል «ጪዳ» ነው። ከዚህ ግስ «ጪጊ»፣ ማለትም በእንፋሎት የበሰለ ነገር፣ የሚል ስም ወጣ፤ እሱም ቀስ በቀስ «ጤጊ»፣ ከዚያ «ጠጊ»፣ በመጨረሻም «ጠክ» ሆነ።

ማብራሪያው ሰው የሚቀበለው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ፣ ትርጉሙ ልክ ነው፤ አብዛኛው ጠክ በእንፋሎት ይበስላል፣ ሲሩውም በጥንት መቃብር ላይ ተሥሎ ይታያል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰንሰለቱ ደረጃ በደረጃ ስለተቀመጠ እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ ጪጊን ከጤጊ፣ ጤጊን ከጠጊ የሚለየው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። የመጨረሻው እርምጃማ ከቋንቋው ባሕርይ ጋር ይስማማል፤ በኮሪያኛ የቃል መጨረሻ ክ አናባቢ ሲከተላት እንደ ግ ትሰማለችና።

ይሁን እንጂ ሥርወ ቃል፣ ማለትም የቃላትን አመጣጥ የሚመረምረው ጥናት፣ ትርጉም ስለተስማማ ብቻ አይፈርድም። ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ከቅርጾቹ በዕድሜ የሚቀድመው የትኛው ነው? አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተለወጠ ከተባለስ ያ ለውጥ በሌሎች ቃላት ላይም ታይቷል ወይ? ድምፆች በአንድ ቃል ላይ እንደ ልባቸው አይለወጡም፤ ሲለወጡ በቋንቋው ውስጥ ያሉትን መሰሎቻቸውን ሁሉ ይዘው ነው። አማርኛ የግዕዝን «ሐ» እና «ኀ» ሲያቀል «ሐመድ» አመድ፣ «ኀምስቱ» አምስት እንደሆነው ማለት ነው። በጪዳና በጠክ ጉዳይ ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ መልሱም ለማብራሪያው አይመቸውም።

የጥንቱ ጽሑፍ ቃሉን ለምን አይነግረንም?

ኮሪያውያን የራሳቸውን ፊደል ከማግኘታቸው በፊት የሚጽፉት በቻይና ፊደል ነበር። የቻይና ፊደል ትርጉምን ያሳያል፤ ድምፅን ግን እንደ አንባቢው ቋንቋ ይተዋል። በወረቀት ላይ 5 የሚል አሃዝ ብንጽፍ አማራው አምስት፣ ኦሮሞው ሸን፣ የቤተ ክህነቱ ሰው ኀምስቱ ብሎ ያነበዋል፤ ከሺህ ዓመት በኋላ ወረቀቱን የሚያገኘው ሰው ጸሐፊው አፉ ላይ የነበረው ቃል የትኛው እንደሆነ ከአሃዙ ሊያውቅ አይችልም። የጠክም ነገር እንደዚሁ ነው።

ኪም ቡሺክ የተባለው የመንግሥት ሰው በ1145 ባጠናቀቀው የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ ውስጥ ስለ ጠክ የታወቀ ታሪክ አለ። ከሦስቱ መንግሥታት የአንዱ፣ የሺላ፣ ንጉሥ ሲሞት ዩሪና ታልሄ የተባሉ ሁለት ሰዎች ዙፋኑን አንተ ውሰድ፣ አንተ ውሰድ ተባባሉ። ታልሄ «ጠቢብ ሰው ጥርሱ ብዙ ነው ይባላል» አለና ሁለቱም ጠክ ነክሰው በላዩ የቀረው የጥርስ ምልክት ተቆጠረ፤ የዩሪ በለጠ፤ ነገሠም። የንጉሡ ማዕረግ «ኒሳግም» የተባለውም ከዚህ የጥርስ ምልክት ነው ሲል መጽሐፉ የሺላውን ሊቅ ኪም ዴሙንን ጠቅሶ ይተርካል። አንባቢ ልብ ይበል፦ ይህ ራሱ ስለ ቃል አመጣጥ የተነገረ ታሪክ ነው፤ ኮሪያውያን ቃላትን በታሪክ የማስረዳት ልማዳቸው ቢያንስ የዚህን ያህል ሩቅ ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን ታሪኩ አይረዳም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች የነከሱት ነገር የተጻፈው «ብየንግ» ተብሎ በሚነበብ የቻይና ፊደል ነው። ዩሪ በአፉ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ከብራናው ላይ የለም።

ቃሉ በድምፁ መጀመሪያ የተጻፈው መቼ ነው?

ንጉሥ ሴጆንግ የኮሪያን ፊደል በ1443 ፈጥሮ በ1446 በአዋጅ አወጣው። ይህ ፊደል ተናባቢና አናባቢን ለያይቶ ስለሚጽፍ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው አፍ በወረቀት ላይ እንደ ተቀረፀ ድምፅ ቀረ። ከዚያ ጊዜ የደረሱን መጻሕፍት ብዙዎቹ የቡድሂስት ድርሳናት ትርጉሞች ናቸው። በ1459 በልጁ በንጉሥ ሴጆ ዘመን የታተመው «ዎሪን ሶክቦ» ከእነሱ አንዱ ነው፤ ጠክም በገጹ ላይ ይገኛል።

ቦታው ያልተጠበቀ ነው። ስለ ምግብ አይደለም፤ ስለ ዓለም አፈጣጠር ነው። የመጀመሪያዎቹ ፍጡራን የምድርን ጣዕም እየላሱ ይኖሩ ነበር፤ ጣዕሙ ጠፋ፤ በፋንታው የምድር ቅርፊት ወጣ፤ ቅርፊቱም «እንደ ስስ ጠክ» ነበር ይላል። ተርጓሚው ምንም የማያውቀውን ነገር ለአንባቢው ለማሳየት ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ፈለገ፤ ያገኘውም ጠክን ነበር።

ለእኛ ዋናው ግን አጻጻፉ ነው። ቃሉ እንደ ዛሬው በጠበቀ ት አልተጻፈም። በፊደሉ ራስ ላይ ሁለት የተለያዩ ተናባቢዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ቀድማ «ስ»፣ ከዚያ «ት»፣ ከዚያ አናባቢውና «ክ»። ፊደል በፊደል ቢነበብ «ስተክ» ይሆናል።

አሁን በእንፋሎት የማብሰሉን ግስ እንይ። ቼ ሴጂን የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1527 ለሕፃናት ማስተማሪያ ባዘጋጀው መጽሐፍ 3,360 የቻይና ፊደላትን በየተራ እያነሣ የእያንዳንዱን ትርጉም በኮሪያኛ ጽፏል። ከፊደላቱ መካከል ጠክን የሚያመለክተው አለ፤ በእንፋሎት ማብሰልን የሚያመለክተውም አለ። ለመጀመሪያው «ስተክ» ብሎ በስ ጻፈ። ለሁለተኛው ግን የጻፈው በፕ ነው፤ ግሱ በዚያ ዘመን «ፕቲ» ነበር። አንድ ሰው፣ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለቱን ቃላት በተለያየ ፊደል ጀመራቸው። ዛሬ «ጪ» የሚባለው ድምፅ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ገና አልተወለደም።

የአንዲት ፊደል ልዩነት ይህን ያህል ይከብዳል?

ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያቺ ፕ የአጻጻፍ ጌጥ ሳትሆን በእርግጥ ትነገር የነበረች ድምፅ ናት። ማስረጃው ደግሞ፣ እንደ አጋጣሚ፣ ከዚሁ ከጠክ ጥሬ ዕቃ ይገኛል።

ሩዝ በዛሬው ኮሪያኛ «ሳል» ነው፤ ስዋ የጠበቀች ናት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግን በፕ ተጀምሮ «ፕሳል» እየተባለ ይጻፍ ነበር። ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በ1103 ወደ ኮሪያ የመጣው ሱን ሙ የተባለ የቻይና መልእክተኛ ከ350 በላይ የአገሩን ቃላት በቻይና ፊደላት ድምፅ መዝግቦ ነበር። እህሉን የመዘገበው «ቦሳል» ተብለው በሚነበቡ ሁለት ፊደላት ነው። ሁለቱ ፊደላት በትርጉማቸው የቡድሃ እምነት ቅዱሳን የሚጠሩበት ስም ናቸው፤ መልእክተኛው ግን የፈለገው ድምፃቸውን ብቻ ነበር። ሩዙ በቅዱሳን ስም የተመዘገበው የውጭ አገር ሰው ጆሮ ከስ በፊት የከንፈር ድምፅ ስለሰማ ነው።

ድምፅዋ ከቃሉ ራስ ላይ ጠፋች፤ በተጣመሩ ቃላት ውስጥ ግን ተሸሽጋ ኖረች። የሚጣበቀው ሩዝ «ቻል» ከሚለው ቃል ጋር ተጣምሮ ዛሬም «ቻፕሳል» ይባላል፤ የማይጣበቀው «ሜፕሳል»፣ የዘንድሮ አዲስ ሩዝ «ሄፕሳል»፣ ዘንጋዳ መሰሉ ጥቃቅን እህል ደግሞ «ጆፕሳል» ነው። በእነዚህ ቃላት መሐል ያለችው ፕ ከየት እንደመጣች ተራው ተናጋሪ አያውቅም፤ ለድሮው «ፕሳል» የቀረች ምስክር ናት። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «አምስት» ስንል የግዕዙ ኀ ከአፋችን ወጥቷል፤ «ሃምሳ» ስንል ግን እዚያው ነው። ጠክ ሠሪዋ በየቀኑ ቻፕሳልና ሜፕሳል እያለች ስትለካ የዘጠኝ መቶ ዓመት ድምፅ እየሰፈረች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የድሮው ኮሪያኛ በፕ የሚጀምሩትን ጥንድ ተናባቢዎች በስ ከሚጀምሩት ይለይ ነበር። «ፕቲ» የሚል ግስ «ስተክ» የሚል ስም እንዲወልድ ፕ ወደ ስ መለወጥ ነበረባት፤ እንዲህ ያለ ለውጥ በዘመኑ ኮሪያኛ በሌሎች ቃላት ላይ አይታይም።

የሰንሰለቱ አቅጣጫም የተገላቢጦሽ ነው። ከጊዜ በኋላ የጥንዶቹ የመጀመሪያ ድምፆች ፕም ሆኑ ስ እየጠፉ ተከታያቸውን አጥብቀው ሄዱ፤ «ፕቲ» «ጢ» ሆነ፤ «ስተክ» «ጠክ» ሆነ። ቀጥሎ፣ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ አናባቢዋ ኢ ከፊቷ ያለውን የጥርስ ድምፅ ወደ ላንቃ መሳብ ጀመረች፤ ያኔ «ጢ» «ጪ» ሆነ። ይህን ለውጥ እኛም ስንናገር ሳናስተውል እንሠራዋለን። ለወንድ «ምረጥ» እንላለን፤ ለሴት ኢ ስትጨመርበት «ምረጢ» ሳይሆን «ምረጪ» ይሆናል። «ውሰድ» «ውሰጂ»፣ «ክፈት» «ክፈቺ» እንደዚሁ ናቸው። የኮሪያው «ጪዳ» ከዚህ ለውጥ በኋላ የተወለደ ቅርጽ ነው። ታዋቂው ማብራሪያ ግን ከ«ጪ» ተነሥቶ ወደ «ጤ» እና «ጠ» ይሄዳል፤ ማለትም በ1459 በመጽሐፍ ላይ የነበረውን ቃል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ከመጣ ቅርጽ ያስወልዳል። አያትን ከልጅ ልጅ እንደ ማስወለድ ነው።

«ስ» በእርግጥ ትነገር ነበር?

እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን በ1459 የተጻፈችው ስ እንደ ድምፅ መነገሯን አቁማ የቀጣዩን ተናባቢ መጥበቅ የምታመለክት ምልክት ብቻ ሆና ነበር ይላል። ሌላኛው ወገን በዚያን ጊዜም ቢሆን «ስት» ተብላ በሁለት ድምፅ ትነገር ነበር ይላል። ሁለቱም ወገኖች በፕ የሚጀምሩትን ጥንዶች ለብቻቸው ስለሚያስቀምጡ ክርክሩ ከላይ ያልነውን አያፈርሰውም። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን ስ እውነተኛ ድምፅ ለመሆኗ ግን ከባሕር ማዶ የሚጠቀስ ማስረጃ አለ።

ጃፓኖች ለአማልክት የሚያቀርቡት «ሺቶጊ» የሚባል ጥንታዊ የሩዝ ምግብ አላቸው። ሩዙ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በጥሬው ይወቀጣል፣ ከዚያ በእጅ ተድበልብሎ ይቀርባል። በ930ዎቹ በሚናሞቶ ኖ ሺታጎ የተዘጋጀው መዝገበ ቃላት ስሙን በድምፅ ፊደላት «ሺቶኪ» ብሎ መዝግቦታል፤ ይህ የኮሪያው ስተክ በጽሑፍ ከታየበት ጊዜ አምስት መቶ ዓመት ይቀድማል። የሁለቱን ቃላት ተናባቢዎች ብናስተያይ ስ፣ ት፣ ክ ናቸው፤ ትርጉማቸውም አንድ ነው። የተወሰኑ የቋንቋ ተመራማሪዎች የጃፓኑ ቃል ከጥንታዊ ኮሪያኛ የተወሰደ ነው ብለው ሐሳብ አቅርበዋል።

በመሐል የገባችው ኢ አታስደንቅም። የጃፓን ቋንቋ ሁለት ተናባቢዎች በቃል መጀመሪያ ተያይዘው እንዲቆሙ አይፈቅድም፤ የውጭ ቃል እንዲህ ሆኖ ከመጣ በመካከላቸው አናባቢ ያስገባል። እኛም ያው ችግር ሲገጥመን መፍትሔያችን ሌላ ነው፤ አናባቢዋን ከፊት እናስቀምጥና «እስፖርት»፣ «እስታዲየም» እንላለን። ወይም ደግሞ ጥንታዊው ኮሪያኛ ራሱ በመሐል አናባቢ ነበረውና ኮሪያኛው በኋላ ዋጣት፤ ጃፓንኛው ግን ጠበቃት። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ስ በቃሉ ራስ ላይ ትሰማ ነበር ወደሚለው ያመራል። የአምልኮ ምግብ ስም መሆኑም ለማስረጃው ክብደት ይጨምርለታል፤ የመሥዋዕት ዕቃ ስም ከገበያ ዕቃ ስም ይልቅ ቶሎ አይለወጥምና።

ኢንጀልሚስ? እውነት ንጉሥ ነው የሰየመው?

የጠክ ቤተሰብ አባል ስለሆነችው ስለ «ኢንጀልሚ» የሚነገረው ታሪክ ከዚህም የበለጠ ይወደዳል። ኢንጀልሚ የሚጣበቀው ሩዝ በእንፋሎት በስሎ በሰፊ እንጨት ላይ በመዶሻ ከተደበደበ በኋላ ተስቦ የሚቆረጥና በተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት የሚንከባለል ነው። ትኩሱ ሊጥ ቢላዋ ላይ ስለሚጣበቅ ቆራጩ እጁን በውኃ እያራሰ፣ ዱቄቱን እየነሰነሰ ይሠራል።

ታሪኩ ይህ ነው። በ1624 ዪ ግዋል የተባለ ጄኔራል አምፆ ዋና ከተማዋን ሲይዝ ንጉሥ ኢንጆ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጎንግጁ ሸሸ። በዚያ ኢም የሚባል ቤተሰብ አንድ ሳህን ጠክ አቀረበለት። ንጉሡ ቀምሶ ተደሰተና ስሙን ጠየቀ፤ የሚያውቅ ጠፋ። የአቅራቢው የቤተሰብ ስም ኢም መሆኑን ሲሰማ ወደር የሌለው ጣዕም ማለት የሆነውን «ጀልሚ» ጨምሮ «ኢምጀልሚ» አለው፤ እሱም በአፍ ልማድ ኢንጀልሚ ሆነ። የጎንግጁ ከተማ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ በኩራት ትናገረዋለች።

ሽሽቱ እውነት ነው፤ ንጉሡም ጎንግጁ ደርሷል። የማይገጥመው ዘመኑ ነው። ከላይ ያነሣነው የቼ ሴጂን የ1527 መማሪያ መጽሐፍ ከዘረዘራቸው የምግብ ስሞች መካከል ኢንጀልሚ ይገኛል። ንጉሥ ኢንጆ ሰየመው ከሚባልበት ቀን አንድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የኮሪያ ሕፃናት ቃሉን ከመጽሐፍ እያነበቡ ነበር ማለት ነው። እዚህ የድምፅ ሕግ ማንሣት እንኳ አያስፈልግም፤ ሁለቱን ዓመታት መቀናነስ ይበቃል።

ለቃሉ የሚሰጠው ሌላ ማብራሪያ ከቻይና ፊደላት ይነሣል፤ «ኢን» መሳብ፣ «ጀል» መቁረጥ፣ «ሚ» ሩዝ። አሠራሩን ላየ ሰው ተስቦ የሚቆረጥ ሩዝ መባሉ ልክ ይመስላል። ሆኖም በድሮ ጽሑፎች መጨረሻው አንዳንዴ በ«ሚ» ፋንታ «ብየንግ»፣ ማለትም ጠክ፣ በሚለው ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ጸሐፊዎቹ በአፍ የሚያውቁትን ቃል በቻይና ፊደል ለማልበስ ሲሞክሩ የመጨረሻውን ክፍል በየራሳቸው ሞልተውታል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

እንዲህ ዓይነቱን፣ ሕዝብ ለማይገባው ቃል ትርጉም ሰጥቶ የሚያበጀውን ታሪክ፣ ሊቃውንቱ ሕዝባዊ ሥርወ ቃል ይሉታል። ስሙ ንቀት የለበትም። ስለ ቃሉ አመጣጥ ባይነግረንም ስለ ተራኪዎቹ ይነግረናል፤ ተራ የገጠር ምግብ በንጉሥ አፍ ተመስግኖ ስም እንዲያገኝ መፈለግ የራሱ ታሪክ አለው።

ታዲያ ቃሉ ዛሬ የደረሰበት እንዴት ነው?

ከ«ስተክ» በስተጀርባ ያለውን ሥር የሚያሳይ ጽሑፍ የለም፤ የኮሪያኛ ቋንቋ ታሪክ በፊደል የሚነበበው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነውና። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ግን ግልጽ ነው። በንግግር ስ ጠፍታ ት ከጠበቀች በኋላም ጸሐፊዎች የድሮውን ፊደል አልተዉም። ለብዙ ትውልድ «ጠክ» እያሉ በአፋቸው፣ «ስተክ» እየጻፉ በብዕራቸው ኖሩ፤ እኛ በድምፅ ሳንለያቸው «ሠ» እና «ሰ» እየለየን እንደምንጽፈው ማለት ነው። በ1933 የኮሪያ የቋንቋ ሊቃውንት አንድ ወጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ሲያወጡ የጠበቁ ድምፆች ሁሉ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ በመደገም እንዲጻፉ ተወሰነ፤ ያን ጊዜ ስ ከጠክ ራስ ላይ ወረደች፤ በቦታዋም ሁለተኛ ት ተተካች። በኮሪያ መንግሥት በኅዳር 2021 በአገር አቀፍ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ጠክ የመሥራትና የመካፈል ልማድም በዚሁ በአዲሱ አጻጻፍ ነው የተመዘገበው።

ስ ፈጽማ አልጠፋችም። በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ የሚኖሩት የአይኑ ሕዝቦች ከእህል ዱቄት ድብልብል ሠርተው ለአማልክታቸው ያቀርባሉ፤ ስሙን ከጃፓኑ ሺቶጊ እንደወሰዱት ይታመናል። የሚጠሩትም «ሲቶ» ብለው ነው።